ፕሮፌሰር ሄርማን ሽታውዲንገርና የረጅሙ ሞለኪዩል ክርክር

የውሃ መስመር የሚዘረጋበት የፕላስቲክ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚለብሰው ሽፋን፣ የተሽከርካሪ ጎማ፣ የግድግዳ ቀለምና ልዩ ልዩ ማጣበቂያ በሙያችን በየዕለቱ የምንገለገልባቸው ዕቃዎች ናቸው። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት ፖሊመር ከሚባለው የቁስ ወገን ሲሆን፣ ጥጥ፣ ሐር፣ ሱፍ፣ ቆዳና እንጨትም በተፈጥሮ የዚሁ ወገን አባላት ናቸው። መሐንዲሱ የእነዚህን ቁሶች ጥንካሬና የሙቀት ጠባይ ከሰንጠረዥ ላይ አንብቦ ዲዛይኑን ይሠራል። ሰንጠረዡ የቆመበት መሠረተ ሐሳብ፣ ማለትም ቁሶቹ በሺሕ የሚቆጠሩ አቶሞች እንደ ሰንሰለት ቀለበት እየተያያዙ ከሠሯቸው እጅግ ረጃጅም ሞለኪዩሎች የተገኙ መሆናቸው፣ በዛሬው ተማሪ ዘንድ ጥያቄ የማይነሣበት ነገር ነው።

ይሁን እንጂ በ1920ዎቹ ዓመታት ይህ ሐሳብ በዘመኑ በነበሩት ታላላቅ ኬሚስቶች ዘንድ እንደ ስሕተት ይቆጠር ነበር። ሐሳቡን ያቀረቡትና ከዐሥር ዓመት በላይ ብቻቸውን ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የተከራከሩለት ጀርመናዊው ኬሚስት ፕሮፌሰር ሄርማን ሽታውዲንገር ናቸው። የእኒህን ሰው ሕይወት መለስ ብሎ መመልከት ለሙያ ባልደረቦች የሚጠቅም ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ክርክሩ የተፈታው በንግግር ብልጫ ሳይሆን በልኬት ነውና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ሄርማን ሽታውዲንገር ማርች 23 ቀን 1881 በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በቮርምስ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ፍራንዝ ሽታውዲንገር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርና የፍልስፍና ጸሐፊ ሲሆኑ፣ በሸማቾች የኅብረት ሥራ እንቅስቃሴም የታወቁ ነበሩ። ሄርማን በመጀመሪያ የተመኙት ዕፀዋትን ማጥናት ነበር። ነገር ግን የዕፀዋትን አኗኗር በሚገባ ለመረዳት አስቀድሞ ኬሚስትሪን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ስለ ተመከሩ፣ በሃሌ፣ በዳርምሽታትና በሙኒክ ኬሚስትሪ ተምረው በ1903 ከሃሌ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ። ለጊዜው ብቻ የገቡበት ትምህርት የሕይወት ዘመን ሥራቸው ሆኖ ቀረ።

ከዚያም ወደ ስትራስቡርግ ሄደው ሲሠሩ በ1905 ኬቴን የተባሉትን እጅግ ንቁ የሆኑ ውሁዶች አገኙ። ይህ ግኝት ገና በወጣትነታቸው ስማቸውን በሙያው ዓለም አስጠራ። በ1907 በካርልስሩኸ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆኑ። በዚያም የተፈጥሮ ጎማ መሠረት የሆነውን ኢሶፕሪንን በቀላሉ ለማግኘት የሚያስችል ዘዴ አጠኑ። በ1912 ደግሞ በዙሪክ የፌዴራል የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የታላቁን ኬሚስት የሪሻርድ ቪልሽቴተርን ወንበር ተረክበው ለ14 ዓመታት አስተማሩ። ከእርሳቸው ጋር ከሠሩት ወጣቶች መካከል ሌዎፖልድ ሩዚችካ በ1939፣ ታዴዉስ ራይኽሽታይን በ1950 የኖቤል ሽልማት ተሸላሚ ሆነዋል።

በጦርነቱ ዘመን የያዙት አቋም

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ አብዛኞቹ የጀርመን ሊቃውንት ከመንግሥታቸው ጎን ተሰለፉ። ሽታውዲንገር ግን በገለልተኛዋ ስዊዘርላንድ ሆነው ጉዳዩን በመሐንዲስ ዓይን ተመለከቱት። በ1917 የተፋላሚዎቹን ወገኖች የኢንዱስትሪና የማሽን ኃይል በማነጻጸር፣ አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከገባች በኋላ ጀርመን ልታሸንፍ እንደማትችልና ሰላም መፈለግ እንደሚገባት ጻፉ። በ1919 ደግሞ በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ የመርዝ ጋዝ ጦርነት ለመጪው ጊዜ የሚያስከትለውን አደጋ አስጠነቀቁ።

የጀርመንን የጋዝ ጦርነት በሳይንስ በኩል የመሩት ፍሪትዝ ሃበር በዚህ እጅግ ተቆጡ። አገሪቱ ተሸንፋ በከፋ ችግር ላይ በነበረችበት ወቅት እንዲህ ያለ ጽሑፍ ማውጣት አገርን ከጀርባ መውጋት ነው በማለት ወነጀሏቸው። ሽታውዲንገርም ማስጠንቀቂያው ለአንድ አገር ጥቅም ሳይሆን ለሰው ልጅ ሁሉ መሆኑን በመግለጽ በአቋማቸው ጸኑ። የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክለው የጄኔቫ ፕሮቶኮል በ1925 ተፈረመ። ሆኖም ፕሮቶኮሉን ተቀብላ የነበረችው ፋሺስት ኢጣሊያ በ1935 እና በ1936 ይህንኑ መርዝ በአገራችን ሕዝብና ሠራዊት ላይ ከአየር አዘነበች። ስለዚህ የሽታውዲንገር ስጋት ባዶ እንዳልነበረ ከሌላው ዓለም ይልቅ እኛ ኢትዮጵያውያን እናውቀዋለን።

የክርክሩ መነሻ

ሽታውዲንገር በዙሪክ ሳሉ፣ ዕድሜያቸው ወደ 40 ሲቃረብ፣ በሚገባ የተካኑበትን የምርምር መስክ ትተው ብዙዎች ወደ ናቁት መስክ ተሻገሩ። በዚያን ጊዜ ጎማ፣ ሴሉሎስ፣ ስታርችና ፕሮቲን በንጹሕ ክሪስታል መልክ የማይገኙ፣ ሲሞቁ የሚለጠጡ ወይም የሚዝለገለጉ፣ በፈሳሽ ውስጥም ሙጫ የሚሆኑ በመሆናቸው አብዛኛው ኬሚስት ሊነካቸው አይፈልግም ነበር።

ስለ አሠራራቸው የሰፈነው አስተሳሰብ የመሰባሰብ ንድፈ ሐሳብ ይባል ነበር። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት ጎማም ሆነ ሴሉሎስ የተሠራው ከትናንሽ ሞለኪዩሎች ነው፤ ሞለኪዩሎቹም በደካማ ኃይል ተሰባስበው እንደ ጥቅል ይሆናሉ እንጂ በጠንካራ የኬሚካል ትስስር አልተያያዙም። ለዚህ አስተሳሰብ ጠንካራ የሚመስል ድጋፍ ተገኝቶለት ነበር። ሴሉሎስ በራጅ ሲመረመር የሚደጋገመው የክሪስታል ክፍል በጣም ትንሽ ሆኖ ታየ። ሞለኪዩል ደግሞ ከዚህ ተደጋጋሚ ክፍል ሊበልጥ አይችልም ተብሎ ይታመን ነበር።

ሽታውዲንገር በ1920 ስለ ፖሊመር አሠራር ባወጡት ጽሑፍ ይህን ሁሉ ተቃወሙ። እርሳቸው እንዳሉት አሃዶቹ እርስ በርስ የተያያዙት ማንኛውም የታወቀ ኦርጋኒክ ውሁድ በተያያዘበት በዚያው መደበኛ ትስስር ነው። ስለሆነም አንዱ ሞለኪዩል በመቶ፣ በሺሕ ወይም ከዚያም በላይ የሚቆጠሩ አሃዶች ሊኖሩት ይችላል። በ1922 ለእነዚህ አካላት ማክሮሞለኪዩል የሚል ስም ሰጧቸው፤ ትርጉሙ ግዙፍ ሞለኪዩል ማለት ነው።

በኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆኑት ሃይንሪሽ ቪላንድ ወዳጃዊ በሆነ መንፈስ ይህን ሐሳብ እንዲተዉት መከሯቸው። የሞለኪዩል ክብደቱ ከ5000 የሚበልጥ ኦርጋኒክ ውሁድ እንደሌለና ጎማው በሚገባ ቢጣራ ክሪስታል ሆኖ ትንሽነቱ እንደሚገለጥ ነገሯቸው። ሽታውዲንገር ምክሩን አልተቀበሉም።

ከሙከራ የተገኙ ማስረጃዎች

የሽታውዲንገር ጥንካሬ ጥያቄውን በሙከራ ሊመለስ በሚችል መንገድ ማቅረባቸው ነው። ጥያቄው ይህ ነበር፦ አካሉን የሚይዘው ጠንካራ ትስስር ነው ወይስ ደካማ መሰባሰብ?

የመጀመሪያው ማስረጃ ከጎማ ተገኘ። ተቃዋሚዎቻቸው ትናንሾቹን የጎማ ሞለኪዩሎች የሚያሰባስበው ከድርብ ትስስሮቹ የሚመነጭ ትርፍ ኃይል ነው ይሉ ነበር። ይህ እውነት ከሆነ ለድርብ ትስስሮቹ ሃይድሮጅን በመጨመር ነጠላ ሲያደርጓቸው መያዣው ኃይል ስለሚጠፋ ጎማው ተበትኖ ተራ ቀጭን ፈሳሽ መሆን ይገባው ነበር። ሽታውዲንገር ሙከራውን በ1922 ሲያደርጉ የተገኘው ነገር አልተበተነም፤ እንደ ቀድሞው በሙቀት ሊተን የማይችል፣ ሲሟሟም ሙጫ የሚሆን አካል ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛው ማስረጃ ለራጁ ክርክር መልስ የሰጠ ነው። ከፎርማልዲሃይድ የሚገኘውን ፖሊኦክሲሜቲሊንን ወስደው የሰንሰለቱን ርዝመት ከአጭር ጀምሮ እያስረዘሙ መረመሩት። ሰንሰለቱ ቢረዝምም ተደጋጋሚው የክሪስታል ክፍል ያው ትንሽ ነበር። አንድ የባቡር ሐዲድ በብዙ አውራጃዎች ውስጥ እንደሚያልፍ ሁሉ አንድ ሞለኪዩልም በብዙ ተደጋጋሚ ክፍሎች ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። የክፍሉ ትንሽነት የሞለኪዩሉን ትንሽነት አያስረዳም።

ሦስተኛው ማስረጃ በ1930ዎቹ ዓመታት የተሟላ ሲሆን፣ በእኔ አስተያየት ከሁሉም የበለጠ የሚያሳምን ነው። ሴሉሎስን ወደ ሴሉሎስ አሴቴት፣ መልሰውም ወደ ሴሉሎስ ለወጡት። በእያንዳንዱ ደረጃ የኬሚካሉ ጠባይና የሚያሟሟው ፈሳሽ ሲለዋወጥ፣ በሰንሰለቱ ላይ ያሉት አሃዶች ቁጥር ሳይለወጥ ቀረ። ሞለኪዩሎቹ በደካማ ኃይል የተሰባሰቡ ቢሆኑ ኖሮ የኬሚካሉ ጠባይ በተለወጠ ቁጥር የጥቅሉም መጠን በተለወጠ ነበር።

የዱሰልዶርፍ ስብሰባ

በ1926 የጀርመን የተፈጥሮ ተመራማሪዎችና ሐኪሞች ማኅበር በዱሰልዶርፍ ከተማ ባደረገው ጉባኤ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተገናኙ። ከሽታውዲንገር በፊት የተናገሩት ሊቃውንት የመሰባሰብን ንድፈ ሐሳብ ደገፉ። የራጅ ጥናት ባለሙያው ሄርማን ማርክ ብቻ ትንሽ ተደጋጋሚ ክፍል መኖሩ የግዙፍ ሞለኪዩልን መኖር በግድ እንደማይከለክል ገለጹ። ሽታውዲንገርም ማስረጃቸውን በተራ አቀረቡ። ከአድማጮቹ አንዱ የነበሩት ቪልሽቴተር፣ ለኦርጋኒክ ኬሚስት ሐሳቡ እንግዳ ቢሆንም፣ በቀረበው ማስረጃ ምክንያት ሊቀበሉት እንደሚገደዱ አመኑ። ክርክሩ ግን በዚያ አላበቃም። በዚያው ዓመት ሽታውዲንገር የቪላንድን ወንበር ተረክበው ወደ ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ፤ እስከ ጡረታቸው እስከ 1951ም በዚያው ቆዩ።

በብርጭቆ ቱቦና በሰዓት የተደረገ ልኬት

የሞለኪዩልን ክብደት ለመለካት በዚያን ዘመን ከሁሉ የተሻለው መሣሪያ ስዊድናዊው ቴዎዶር ስቬድበርግ የሠሩት አልትራሴንትሪፊውጅ፣ ማለትም ፈሳሽን እጅግ በከፍተኛ ፍጥነት የሚያሽከረክረው ማሽን ነበር። ሽታውዲንገር ይህን መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ ጠይቀው ተከለከሉ። ስለዚህ ማንኛውም ቤተ ሙከራ ሊኖረው ወደሚችል መሣሪያ ተመለሱ። ይኸውም ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ፣ ሙቀቱ የማይለዋወጥ የውሃ ገንዳና የሰከንድ ሰዓት ነው።

ዘዴው እንዲህ ነው። ንጹሑ ፈሳሽ በቱቦው ውስጥ ለማለፍ ለምሳሌ 100 ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። ጥቂት ፖሊመር ሲሟሟበት 120 ሰከንድ ቢፈጅ፣ ፈሳሹ ለመፍሰስ የሚያሳየው እንቢታ፣ ማለትም ዝልግልግነቱ፣ በ20 በመቶ ጨምሯል ማለት ነው። ሽታውዲንገር ርዝመታቸው የታወቀ ሰንሰለቶችን ደጋግመው በመለካት፣ የመሟሟቱ መጠን እኩል ሲሆን ይህ ጭማሪ ከሞለኪዩሉ ክብደት ጋር በቀጥታ እንደሚያድግ የሚገልጽ ሕግ በ1930 ገደማ አወጡ። ፖሊስታይሪንን በልዩ ልዩ የሙቀት ደረጃ በመሥራትም ሰንሰለቱን እንደ ፈቃዳቸው አሳጠሩት፣ አስረዘሙትም። የፋብሪካ መሐንዲስ ምርቱን በየሰዓቱ የሚቆጣጠርበት ርካሽ ዘዴ በዚህ መንገድ ተገኘ።

እዚህ ላይ የእኒህን ሊቅ ጉድለት መሸፈን አይገባም። ሕጉን ሲያወጡ ሞለኪዩሎቹ እንደ ብርጭቆ ዘንግ ቀጥ ያሉና የማይተጣጠፉ ናቸው የሚል ግምት ነበራቸው። ቨርነር ኩን፣ ሄርማን ማርክና ሌሎች ግን ሰንሰለቱ እንደ ክር የሚተጣጠፍና የሚጠቀለል መሆኑን አስረዱ። በዚህም መሠረት ዝልግልግነቱ የሚያድገው ከክብደቱ ጋር በቀጥታ ሳይሆን፣ ለአብዛኛዎቹ ተጣጣፊ ሰንሰለቶች ከ0.5 እስከ 0.8 ባለው የክብደቱ ርቢ ነው። ርቢው 0.7 ሲሆን ክብደቱ እጥፍ ቢሆን ዝልግልግነቱ 1.6 ጊዜ ያህል ብቻ ይጨምራል። የሌሎችን የጸና እምነት የሰበሩት ሽታውዲንገር የራሳቸውን ለመተው ለረጅም ጊዜ አልፈቀዱም፤ በዚህም ከማርክ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ሻከረ።

በዚሁ ጊዜ በአሜሪካ ዋላስ ካሮተርስ ከሌላ አቅጣጫ ተነሥተው ለዚሁ ሐሳብ ማረጋገጫ አስገኙ። በታወቀ የኬሚካል ግንኙነት አሃዱን በአሃድ ላይ እየጨመሩ ረጅም ሰንሰለት ሠሩ፤ በ1935ም ናይሎንን አገኙ። በ1930ዎቹ አጋማሽ የመሰባሰብ ንድፈ ሐሳብ ተከራካሪ አልቀረለትም ለማለት ይቻላል።

የፖለቲካ ፈተና

የሳይንሱ ክርክር ሲያበቃ ሌላ ፈተና ተከተለ። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር የሆኑት ታዋቂው ፈላስፋ ማርቲን ሃይደገር ሽታውዲንገርን በምስጢር ለባለሥልጣኖች ጠቆሙ። የክሱ መነሻ በመጀመሪያው ጦርነት ጊዜ በዙሪክ የያዙት አቋም ነበር። የምስጢር ፖሊሱ ጌስታፖ ምርመራ አካሄደ፤ ሃይደገርም በ1934 መጀመሪያ ከሥራ እንዲባረሩ ሐሳብ አቀረቡ። ጥቂት ቆይተው ግን ሰውየው በውጭ አገር ያላቸውን ዝና በማሰብ ነገሩ እንዲለዝብ ጠየቁ። ሽታውዲንገር የመልቀቂያ ማመልከቻ እንዲፈርሙ ተደረገ፤ ማመልከቻውም እንደ ማስፈራሪያ በፋይል ተቀመጠ። እርሳቸውም ከዚያ በኋላ ኬሚስትሪ ለአገር ኢኮኖሚ ያለውን ጥቅም በማጉላት ጽፈው ቦታቸውን ጠበቁ። በ1917 በግልጽ የተናገሩት ሰው በ1934 አንገታቸውን ደፍተው ለመሥራት ተገደዱ። የጠቋሚው ማንነት በሰነድ ተደግፎ ለሕዝብ የታወቀው ሁለቱም ሰዎች ካለፉ በኋላ በ1980ዎቹ ነው።

ኖቬምበር 27 ቀን 1944 በፍራይቡርግ ላይ የወረደው የአየር ድብደባ የምርምር ተቋማቸውን አወደመው። ዕድሜያቸው በዚያን ጊዜ 63 ነበር። ሽታውዲንገር ግን ሥራውን እንደገና አቋቋሙ፤ በ1947ም የማክሮሞለኪዩል ኬሚስትሪን የሚመለከት መጽሔት መሠረቱ። በዚህ ሁሉ ባለቤታቸው ማግዳ አልተለዩአቸውም። እርሳቸው በዕፀዋት ሳይንስ የሠለጠኑ ተመራማሪ ስለነበሩ የባላቸውን ትኩረት ወደ ሕያዋን አካላት ሞለኪዩሎች በማምራት ብዙ ረድተዋል። በወጣትነት የተተወው የዕፀዋት ጥናት በዚህ መንገድ ተመልሶ መጣ። የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት የተሰጣቸው በ1953፣ በ72 ዓመታቸው ነው፤ መሠረታዊው ጽሑፍ ከወጣ 33 ዓመት ሆኖት ነበር። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1965 በ84 ዓመታቸው በፍራይቡርግ አረፉ።

ከእርሳቸው በኋላ

ሰንሰለቱ መኖሩ ከታወቀ በኋላ የተነሣው ጥያቄ አሃዶቹ በሰንሰለቱ ላይ እንዴት ተደርድረዋል የሚል ነው። ጎማና ጉታፐርቻ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ሁለቱም ከኢሶፕሪን አሃዶች የተሠሩ ናቸው፤ በድርብ ትስስሩ ዙሪያ ያለው አቀማመጥ ስለሚለያይ ብቻ አንዱ የሚለጠጥ፣ ሌላው ጠጣር ሆነዋል። ካርል ዚግለር በ1953 ያገኙትን አነቃቂ በመጠቀም ጁልዮ ናታ በ1954 የጎን ቡድኖቹ ሁሉ በአንድ ወገን በሥርዓት የተሰለፉበትን ፖሊፕሮፒሊን ሠሩ። ሥርዓት የሌለው ፖሊፕሮፒሊን የሚያጣብቅ ለስላሳ ነገር ሲሆን፣ ሥርዓት ያለው ግን ጠንካራና እስከ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የማይቀልጥ ነው። ሁለቱ ሊቃውንት ለዚህ ሥራ በ1963 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

የዚህ እውቀት ጥቅም ከፋብሪካ አልፎ ወደ ሕክምናም ደርሷል። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 የመርሳት በሽታ ይዟት የሞተችን አንዲት ሴት አንጎል በማይክሮስኮፕ መርምረው ያልተለመደ ቆሻሻ መሰል ክምችትና የተጠላለፉ ክሮች ማየታቸውን አስታወቁ። የክምችቱ ዋነኛ አካል ምን እንደሆነ የተለየው በ1984 ነው። እርሱም 40 ያህል አሃዶች ያሉት አጭር የፕሮቲን ሰንሰለት ሆኖ ተገኘ። እነዚህ አጫጭር ሰንሰለቶች ጎን ለጎን እየተደረደሩ በደካማ ኃይል ይያያዙና የማይሟሙ ክሮች ይሆናሉ። እንግዲህ በዚህ ስፍራ ሁለቱም ነገሮች በአንድነት ይገኛሉ፤ ሰንሰለቱን የሠራው ጠንካራው ትስስር ሲሆን፣ በሽታ አምጪውን ክምችት የፈጠረው ደግሞ መሰባሰቡ ነው። ለሐኪሙም የሽታውዲንገር ጥያቄ ተመልሶ ቀርቦለታል።

ለብዙ ዘመን ይህን በሽታ በእርግጠኝነት መለየት የሚቻለው ከሞት በኋላ አንጎልን በመመርመር ብቻ ነበር። በ2004 ከክምችቱ ጋር የሚጣበቅ ጨረር አመንጪ ምልክት በመጠቀም ክምችቱን በሕያው ሰው አንጎል ውስጥ በፎቶግራፍ ማሳየት እንደሚቻል ታተመ። በሜይ 2025 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ በደም ውስጥ ያሉ ሁለት ፕሮቲኖችን በማነጻጸር ለምርመራው የሚያግዝ የመጀመሪያውን የደም መመርመሪያ ፈቀደ። ይህ ፈቃድ የተሰጠው የበሽታው ምልክት ለታየባቸው ሰዎች ሲሆን፣ ሐኪሙም ከሌሎች ምርመራዎች ጋር አገናዝቦ እንዲጠቀምበት ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ የሕይወት ታሪክ ለሙያችን የሚተርፈው ዋና ነገር የሚከተለው ይመስለኛል። ሽታውዲንገር በዘመናቸው የነበረውን ምርጥ መሣሪያ አላገኙም፤ የባልደረቦቻቸውንም ድጋፍ አላገኙም። የነበራቸው በትክክል የተቀመጠ ጥያቄ፣ አንዱ ማስረጃ ሌላውን ሳይጠብቅ በየበኩሉ እንዲመሰክር የሚያደርግ የሙከራ አሠራርና ያለ መሰልቸት የመለካት ትዕግሥት ነው። ግምታቸው ከልኬት ጋር ሲስማማ ጸንተው ቆሙ፤ ስለ ሰንሰለቱ ቀጥ ማለት የነበራቸው ግምት ከሌሎች ልኬት ጋር ሲጋጭ ግን የዘመኑ ሳይንስ እርሳቸውንም አልፎ ሄደ። ልኬቱ ለስመ ጥሩም ሆነ ለብቸኛው ሰው እኩል ዳኛ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። በየቤተ ሙከራችን ያሉት መሣሪያዎች ጥቂትና ያረጁ ናቸው እያልን የምንጨነቅ የማኅበራችን አባላት፣ የግዙፉን ሞለኪዩል ጉዳይ ለመወሰን አንድ የብርጭቆ ቱቦና አንድ ሰዓት ምን ያህል እንደረዱ ብናስታውስ መልካም ነው።